አንድ ወገን ብቻ የሚፈርመው «ስምምነት»

መርካቶ ውስጥ አንድ ወገን ብቻ የፈረመበት ወረቀት ውል አይባልም። ይህን ለማወቅ ሕግ መማር አያስፈልግም፤ ሸማ ተራ አጎቱ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያደገ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ያውቀዋል። ሻጭ ይፈርማል፣ ገዢ ይፈርማል፣ እማኝ ይፈርማል። ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ከቀየረ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም የሚለው ይህንኑ ነው። ሰው ገንዘቡን አምኖ የሚያስይዘው ግዴታው በሁለቱም በኩል ስላለ ነው።

ይኸው ልጅ ለምዝገባ ትምህርት ቤት ሲሄድ የሚሰጠው ወረቀት ግን ሌላ ነው። አናቱ ላይ «የተማሪዎች የሥነ ምግባር ደንብ» ይላል። ከሥሩ በተራ ቁጥር የተደረደሩት ዓረፍተ ነገሮች በሙሉ «ክልክል ነው» ወይም «ያስቀጣል» ብለው ያልቃሉ። ተማሪው ይፈርማል። ወላጅ ይፈርማል። መምህሩ የሚፈርምበት መስመር የለም። በቦታው የትምህርት ቤቱ ማኅተም ያርፍበታል። ብዙ ጊዜ ደንቡን ያነበበው ሰው የለም፤ ወላጅ ሰልፍ ላይ ነው፣ ልጁ ቸኩሏል፣ መዝጋቢዋ «እዚህ ጋ ፈርሙ» ብላ ጣቷን ታሳያለች። ከሁለት ወር በኋላ ልጁ ሲያጠፋ ወረቀቱ ከፋይል ይወጣና «ተስማምተህ ፈርመህ የለም ወይ?» ይባላል።

ሱቅ ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ያቀረበለትን ነጋዴ የልጁ አባት ስቆ ይሸኘዋል። ትምህርት ቤት ሲሆን ግን ዝም ብሎ ይፈርማል።

የክፍሉን እውነተኛ ሕግ ለማወቅ ይህን ደንብ ማንበብ አይጠቅምም። የክፍል አለቃውን ደብተር የመጨረሻ ገጽ ማየት ይበቃል። መምህሩ ሳይገባ አለቃው ይነሳና «ረባሾች» ብሎ ጽፎ ከሥሩ ስም ይደረድራል። አንዴ ያወራ አንድ የመስቀል ምልክት፣ ደግሞ ያወራ ሁለት። የአለቃው ጓደኛ ቢጮኽም አይጻፍም። የተቀየመው ልጅ አፉን ባይከፍትም ይጻፋል። ብስኩት ያካፈለ ይሰረዝለታል። አዲስ አበባ ውስጥ የተማረ ሰው ይህን ዝርዝር አይረሳውም፤ ወይ ጽፎታል ወይ ተጽፎበታል። ልጆች ስለ ሥልጣን የመጀመሪያውን ትምህርት የሚቀስሙት ከዚህች ገጽ ነው፤ ሕግ ማለት ጉልበት የተሰጠው ሰው ስም የሚጽፍበት ወረቀት ነው፣ ማምለጫውም ከጸሐፊው ጋር መወዳጀት ነው። ከዚያ በአምስተኛው ክፍለ ጊዜ የዜግነት ትምህርት መምህር ይገባና ስለ ሕግ የበላይነት ማስታወሻ ያስገለብጣል።

ክርክሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣው መልስ የታወቀ ነው። «ልጆቹን ስለ ሥርዓት ማማከር ከጀመርን ይጫወቱብናል። መምህር ድሮ ይፈራ ነበር፤ ዱላው ከተነሳ ወዲህ ነው ነገር የተበላሸው።» ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ብዙዎቹ በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ ቆመው የሚውሉ፣ የኖራ ብናኝ ሳንባቸው የገባ መምህራን ናቸው። ስለዚህ አባባላቸው በቁም ነገር ሊመረመር ይገባል። ሲመረመር ግን ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ስህተት ሆኖ ይገኛል።

እውነቱ ይህ ነው። ዱላ በሕግ ተነስቷል። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤት አካላቸውን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ሠላሳ ዓመት አለፈው። ነገር ግን ሕጉ «አትምታ» ሲል «ይልቅስ ይህን አድርግ» የሚለውን አስከትሎ ያስተማረ አልተገኘም። ለሁለተኛ ደረጃ አንድ ክፍል ከ40 ተማሪ እንዳይበልጥ መለኪያ የወጣላት አገር መምህሯን ስድሳ ልጅ ፊት አቁማ፣ ከኋላ ወንበር ሦስቱ ወረቀት ሲወራወሩ ምን ማድረግ እንዳለበት ሳትነግረው ትታዋለች። ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ይምራ? ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ሁለት ሳምንት ያልፋል። «ወላጅ አምጣ» ይበል? መርካቶ ውስጥ ይህ ቅጣት እንዴት እንደሚያልቅ ሁሉም ያውቃል። ተሸካሚ የሆነ አባት ግማሽ ቀን ከቀረ የዚያን ቀን እንጀራ አጣ ማለት ነው፤ ስለዚህ ልጁ አይነግረውም። አውቶቡስ ተራ አካባቢ ከቆሙት መሀል ፊቱ ጨዋ የሚመስለውን መርጦ ለሻይ የሚሆን ብር ያስይዘውና «አጎቴ ነው» ብሎ ይዞት ይገባል። «አጎትየው» ቢሮ ውስጥ ልጁን ይቆጣል፣ ሲያስፈልግም በጥፊ ይለዋል፣ ይቅርታ ጠይቆ ይወጣል። ትያትሩን ዩኒት ሊደሩም አያጣውም።

ስህተቱ ደግሞ ይህ ነው፤ ዱላው አልተነሳም። ከደንቡ ላይ ተፋቀ እንጂ ከክፍሉ አልወጣም። ማስመሪያ ነው፣ የጎማ ቁራጭ ነው፣ ጆሮ መቆንጠጥ ነው፣ ፀሐይ ላይ ማንበርከክ ነው። ያንግ ላይቭስ የተባለው የረጅም ጊዜ ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ ስምንት ዓመት የሞላቸውን ልጆች በጠየቀ ጊዜ፣ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ባለፈው አንድ ሳምንት ውስጥ መምህር ተማሪ ሲመታ ማየታቸውን ተናግረዋል። ይህ ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ የተሰበሰበ መረጃ ነው። እንግዲህ «ዱላ ስለቀረ ነው ልጁ የተበላሸው» የሚለው ክርክር መሠረቱ ምንድን ነው? ዱላው ነበር፤ ረብሻውም ነበር። አብረው ነበሩ።

ባህሉም በአንድ በኩል ብቻ ይተረካል። ወላጅ ልጁን ለመምህር ሲያስረክብ «ዓይኑን ብቻ ተውልኝ» ይል ነበር፤ የቄስ ትምህርት ቤት እግር ብረትም የተረት ፈጠራ አይደለም። ነገር ግን የአብነት ትምህርት ቤት ታሪክ ያ ብቻ አልነበረም። የእንጨቱን፣ የውኃውን፣ የምግቡን ተራ የሚያወጡትና የሚያስከብሩት ራሳቸው የጎጆው ተማሪዎች ናቸው። ነባሩ አዲሱን ያስቀጽላል። የኔታ ለያንዳንዱ ነገር አርጩሜ ይዘው አይዞሩም፤ አይችሉምም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከዚያ ባህል አርጩሜውን ወርሶ የተራ ድልድሉን ጥሎታል።

መርካቶማ ጭራሽ በስምምነት የምትተዳደር ሰፈር ናት። ጣሊያን ገበያውን ከአራዳ ወደ ምዕራብ ካዛወረ ጀምሮ ተራ በተራ ያደገች፣ ታላቁ አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ቆመው የሚውሉባት፣ ከጉራጌው፣ ከስልጤው፣ ከዶርዜው፣ ከኦሮሞው፣ ከአማራው የመጣ ሰው በአንድ መተላለፊያ የሚጋፋባት ናት። ይህን ሁሉ ፖሊስ ብቻ አይደለም የያዘው። እቁብ ነው፣ እድር ነው፣ ዱቤ ነው፣ የተራው ሽማግሌ ነው። እቁብ ሲጀመር መጀመሪያ ዕጣ አይወጣም፤ መጀመሪያ ይወራል። ስንት ይጣል? በየስንት ቀኑ? ያረፈደ ምን ይቀጣ? የወሰደ ሰው ዋሱ ማን ነው? ዳኛው ይመረጣል፣ ጸሐፊው ይመረጣል። ደንቡ ከተነበበ በኋላ የማይስማማው ሰው ከመጀመሪያው ይወጣል፤ የቀረ ሰው ግን ሕጉ የራሱ ስለሆነ ያከብረዋል። እድርም እንዲሁ ነው፤ የቀሪ መቀጫ በሚጠራበት ቀን የኮሚቴ አባል መሆን አያድንም።

በሌላ በኩል ሕግ ሳይመከርበት ሲወርድ መርካቶ ምን እንደምታደርግ በኅዳር 2017 ታይቷል። የደረሰኝ ቁጥጥሩ በጠበቀ ጊዜ ብዙ ሱቆች በራቸውን ዘግተው ዋሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው ስብሰባውና ማብራሪያው የተከተለው። ስለ ግብሩ ትክክለኛነት መከራከር ይቻላል፤ ያ ሌላ ርዕስ ነው። እዚህ የሚያስፈልገው ይህ ብቻ ነው፤ የነዚያ ሱቆች ባለቤት ልጆች ናቸው በማግስቱ ክፍል ገብተው «ዝም ብለህ ፈርም» የሚባሉት። ትልቁ ሰው በር መዝጋት ይችላል። ልጁ የሚዘጋው በር ስለሌለው ጆሮውን ይዘጋል።

በዚህ ሰፈር ያደገ ልጅ ዋጋ መከራከር ያውቃል። «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ለሱ ብልግና አይደለም፤ ሥራ ነው። ክፍል ውስጥ ይህን ሲያደርግ «አፈ ጮሌ»፣ «የመርካቶ ዱርዬ» ይባላል። ትምህርት ቤቱ ያንን ችሎታ ለጥቅም ማዋል ሲችል ጥፋት አድርጎ ይመዘግበዋል፤ ካርዱ ላይ ጠባይ ተብሎ ለሚሞላውም ቦታ ዝቅተኛዋን ፊደል ይሰጠዋል።

የማርፈድን ነገር ማየት ይበቃል። ደንቡ «በሩ 2 ሰዓት ላይ ይዘጋል» ይላል። ልክ ነው፣ መዘጋት አለበት። ነገር ግን ልጁ ለምን አረፈደ? ጠዋት የሱቁን ቆርቆሮ በር አንስቶ፣ ከመጋዘን ዕቃ አውጥቶ፣ ደጃፉን ጠርጎ ነው የመጣው። ጋሪና አይሱዙ በተቆላለፈበት መንገድ አሥር ደቂቃ ዘገየ። ዘበኛው አይከፍትም። ከዚያ ልጁ የት ይሄዳል? ወደ ሱቅ ቢመለስ አባቱ ይቆጣዋል። ስለዚህ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ፑል ቤት ይገባል፤ አሥር ደቂቃ ያረፈደ ልጅ ስድስት ክፍለ ጊዜ አመለጠው። ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ የክፍሉ ትምህርት ጥሎት ይሄዳል፤ ያልገባው ልጅ ደግሞ ይረብሻል። ረባሾች ከሚለው ዝርዝር አናት ላይ የሚገኘውም እሱ ነው። ይህን ጉዳይ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብሎ የተነጋገረ ክፍል ሌላ መልስ ሊያወጣ ይችላል፦ ያረፈደ በኋላ በር ገብቶ ሳያስረብሽ ይቀመጥ፣ ያመለጠውን በምሳ ሰዓት ከጓደኛው ይገልብጥ፣ በሳምንት ሁለቴ ካረፈደ አባቱ ይጠራ፤ የሚጠራው ግን ሊወቀስ ሳይሆን ሱቁን ማን ይክፈት የሚለውን ሊወስን ነው። አባትም በዚህ ውል ውስጥ ወገን ነውና። ልጁን እስከ 2 ሰዓት ያስያዘው እሱ ነው።

ሌላው ወገን መምህሩ ነው፤ ይኸኛው ነው ሁሉም የሚሸሸው። ልጆች የመናገር ዕድል ሲሰጣቸው የሚጠይቁት ቅንጦት አይደለም። «ያልገባንን ስንጠይቅ የት ነበርክ አትበሉን።» «በአባታችን ሥራ አትስደቡን።» «የፈተና ወረቀታችንን መልሱልን።» «ቲቸር ሲቀሩ ይነገረን።» ከነዚህ ውስጥ የትኛው ነው የመምህርን ክብር የሚነካው? የፈተና ወረቀት ሳይመልስ ሴሚስተር የሚጨርስ መምህር ተማሪውን የቤት ሥራ አልሠራህም ብሎ ሲያስነሳ ልጆቹ ዝም ይላሉ፤ ዝም ማለታቸው ግን አለማየታቸው አይደለም።

ፖላንድ ውስጥ ያኑሽ ኮርቻክ የሚባል ሐኪም ዋርሶ ላይ ያቋቋመው የሙት ልጆች ማሳደጊያ ውስጥ የልጆች ፍርድ ቤት ነበር። ዳኞቹ ልጆች ናቸው፤ ልጅ ልጅን፣ ልጅም አሳዳጊን መክሰስ ይችላል። ኮርቻክ ራሱ በግማሽ ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ እዚያ መቅረቡን ጽፏል። አብዛኛው ውሳኔ ደግሞ ይቅርታ ነበር። ክብሩ አልተቀነሰም። እ.ኤ.አ. በ1942 ናዚዎች ልጆቹን ወደ ትሬብሊንካ ሲወስዷቸው ማምለጥ እየቻለ አብሯቸው ሄዶ ሞተ። ይህን ሰው «ልጆች ተጫወቱበት» የሚል አልተገኘም።

እኛ አገር ደግሞ ባለቤቶቹ ሳይመከሩበት የተበጀ ነገር ምን እንደሚገጥመው ከ1966 በላይ ምስክር አያስፈልግም። የሴክተር ሪቪው በመባል የሚታወቀው የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ በባለሙያዎች ተዘጋጅቶ ሲያበቃ መምህሩም፣ ተማሪውም፣ ወላጁም የሰሙት ከውጭ ነበር። የካቲት 11 ቀን መምህራን ሥራ አቆሙ፤ የታክሲ ነጂዎችም በዚያው ቀን መኪናቸውን አቆሙ። በዕቅዱ ውስጥ ደህና ሐሳብ አልነበረም ማለት አይደለም። ሐሳቡ ሳይታይ ነው ዕቅዱ የወደቀው። በኋላ ዘመን የመጣው «አንድ ለአምስት» ደግሞ ሌላውን ጥግ ያሳያል፤ ስሙ ተሳትፎ ነበር፣ ትእዛዙ ግን ከላይ ወርዶ ቅጹ ወደላይ ይመለስ ነበር። ልጆቹ አምስት አምስት ሆነው ተቀመጡ፣ ሪፖርቱ ተሞላ፣ ፎቶ ተነሳ።

አሁን የሚያሰጋውም ይኸው ነው፤ «የክፍል ስምምነት» የሚባለው ነገር ቀጣዩ ቅጽ እንዳይሆን። ምልክቱ ይታያል። መምህሩ አሥር ነጥብ በፍሊፕ ቻርት ጽፎ ይመጣል። «ተስማምተናል?» ይላል። ስድሳ ልጅ በአንድ ድምፅ «አዎ ቲቸር!» ይላል። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ሱፐርቪዥን ሲመጣ ያየዋል፣ ምልክት ያደርጋል፣ ይሄዳል። እስከ ሰኔ ፀሐይ ያነጣዋል። ይህ ከድሮው ደንብ ይብሳል፤ ያኛው ቢያንስ ትእዛዝ መሆኑን አልደበቀም ነበር።

እውነተኛው ሥራ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ክፍለ ጊዜ ይወስዳል፤ እያንዳንዱ አርባ ደቂቃ ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱ ልጅ ስሙን ሳይጽፍ በቁራጭ ወረቀት ሁለት ነገር ይጽፋል፤ እዚህ ክፍል ውስጥ እንዳትማር የሚከለክልህ ምንድን ነው? ምን ቢሆን ይሻልሃል? ስም አለመጻፉ ትንሽ ነገር አይደለም። በድምፅ ከተባለ የሚናገሩት ኋላ ወንበር ያሉት ጉልበተኞች ናቸው፤ መንገድ ላይ የምትለከፍ፣ ስታነብ የሚሳቅባት ልጅ እጇን አታወጣም። መምህሩም ለራሱ ያንኑ ሁለት ጥያቄ ይመልሳል፣ ጮክ ብሎም ያነበዋል። ከየመደዳው አንድ ወንድ አንዲት ሴት ተመርጠው ወረቀቶቹን ይለያሉ፤ ከስድሳው ወረቀት ተደጋግሞ የሚወጣው አምስት ስድስት ነገር ነው። ከዚያ ከባዱ ክፍል ይመጣል፦ ሲጣስ ምን ይሁን? እዚህ ላይ ልጆች ከመምህሩ ይልቅ ጨካኝ ይሆናሉ፤ «ይገረፍ» የሚሉት እነሱ ናቸው፤ ሌላ ነገር አይተው አያውቁማ። መምህሩ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። በመጨረሻ መምህሩም ተማሪውም ይፈርማሉ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ተከፍቶ ይታያል፤ ያልሠራው ይቀየራል። የክፍል አለቃውም ደብተር ሁለት ዓምድ ይኖረዋል።

ሁሉም ነገር ለድርድር ይቀርባል ማለት አይደለም። መምታት፣ መስደብ፣ ሴት ልጅን መንካት፣ ስለት ይዞ መግባት በድምፅ ብልጫ አይወሰንም። ሒሳብ ይሰጥ አይሰጥ ተብሎም አይመከርም። ልጅ ልጅ ነው፤ መምህርም መምህር ነው። እቁብም ዳኛ አለው። ይህን የሚያምታቱት «እንግዲያው ልጆቹ ያስተምሩን» እያሉ የሚቀልዱት ናቸው፤ ቀልዱ ከክርክሩ ለመሸሽ ነው።

ለዚህ ጊዜ የለንም የሚሉም አሉ። የመጽሐፉ ምዕራፍ አያልቅም፣ ፈረቃው አጭር ነው፣ ፈተናው ደርሷል። እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ከጠባይ ወሬ አልፎ አገር የሚሆነው። ክፍል ያለ ስምምነት ውሎ አያውቅም። ሁለቱ ወገኖች ቁጭ ብለው ያልተስማሙበት ክፍል ሳይናገሩ የተስማሙበት ነገር አለው፤ «አንተ አታስቸግረኝ፣ እኔም አላስቸግርህም።» መምህሩ ማስታወሻ ያስገለብጣል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። እሱ አይጠይቅም፣ እነሱ አይጠይቁም። ፈተናው ከማስታወሻው ይወጣል፤ መኮራረጅ ሲኖር መስኮት ይታያል። ካርድ ይሞላል፣ ሁሉም ያልፋል። ጸጥ ያለ ክፍል ነው። ዳይሬክተሩ በኮሪደር ሲያልፍ ደስ ይለዋል።

የዚያ ያልተጻፈ ውል ሒሳብ በ2014 መጣ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተዛውሮ፣ ልጆች ከቤታቸው ርቀው፣ ጥበቃ ቆሞባቸው ሲፈተኑ፣ ከ896 ሺህ ከሚበልጡት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት 3.2። በ2016 5.4። በ2017 8.4 ሲደርስ መሻሻል ተብሎ ተነገረ፤ መሻሻልም ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነቱ አለ፣ ኮሮና አለ፣ የመጽሐፍ እጥረት አለ። ነገር ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከክፍል ክፍል ያለፈ ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዲህ ሲወድቅ ከኋላው ብዙ ጸጥ ያሉ ክፍሎች አሉ ማለት ነው። መንግሥት ኩረጃን ለማስቆም ልጆቹን በአውቶቡስ ጭኖ ወደ ዩኒቨርሲቲ መውሰድ አስፈልጎታል። ያ ወጪ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ከሚጠፉ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ጋር ይመዛዘን።

ለመምህሩም ቢሆን ይህ ተጨማሪ ሸክም አይደለም፤ ያለውን ሸክም የሚያካፍለው ሌላ ነገር ስለሌለ ነው። ደመወዙ የቤት ኪራይ አልፎ አስቤዛ ላይ አይደርስም። አከራይ «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ ሲሰማ ፊቱን ያጠቁራል። ክፍል ሲገባ ደግሞ ብቻውን ስድሳ ሰው ሊጠብቅ ነው። ብቻውን የሚጠብቅ ሰው ወይ ይማታል ወይ ይተዋል፤ ሁለቱንም እያፈራረቁ የሚያደርጉ ጥቂት አይደሉም። ከስድሳዎቹ ሠላሳዎቹ ሕጉ የኛ ነው ቢሉ ኋላ ወንበር ያሉትን ሦስቱን ዝም የሚያሰኙት እነሱ ናቸው። መርካቶ ውስጥ ሌባ የሚያዘው በአብዛኛው በፖሊስ አይደለም።

መዋቅሩ በወረቀት ላይ አለ። በ1994 የወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ ወላጅና መምህር ትምህርት ቤቱን አብረው እንዲመሩ አዟል፤ ዛሬ የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ተብሎ ተማሪም ስሙ ገብቷል። የተማሪዎች ፓርላማ አለ፣ አፈ ጉባዔም አለው፣ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ንግግር ያደርጋል። ችግሩ እነዚህ አካላት የሚጠሩት ለመዋጮና ለበዓል መሆኑ ነው። ስለ መዘጊያው በር፣ ስለ ተወሰደው ስልክ፣ ስለ ፈተና ወረቀቱ አይጠሩም። ክፍለ ከተማው እቅድ ሲልክ «የሥነ ምግባር ጉድለት በዚህን ያህል በመቶ ይቀንሳል» ብሎ ይልካል። በማን ስምምነት እንደሚቀንስ አይጽፍም።

አዲስ ከተማ ውስጥ ነሐሴ ሲያልቅ ምዝገባ ይጀመራል። አባት ወይም እናት ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብለው ይመጣሉ፣ ሰልፍ ይይዛሉ፣ ያው ወረቀት ይሰጣቸዋል። ዕቃ ሲገዙ እንደሚያደርጉት ከመፈረማቸው በፊት ገልብጠው ይዩት፣ አንድ ጥያቄም ይጠይቁ፦ «መምህሩ የሚፈርመው የትኛው ገጽ ላይ ነው?» መዝጋቢዋ ያ ገጽ የላትም። ለዳይሬክተሩ ትንገራቸው። ዳይሬክተሩም ከሌላቸው በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ባዶ አድርገው፣ ልጆቹና መምህሩ ራሳቸው እንዲጽፉት ይልቀቁላቸው። እስከዚያው ወላጅ ብዕሩን ኪሱ ውስጥ ያቆየው።